ሥልጣን ላይ የሚስቁ ፊልሞች፦ ጎጃም ላለ ተመልካች የትኛው ይሻላል?

ከፍኖተ ሰላም አንድ መምህር ደወለልኝ። ለተማሪዎች ክበብ የሚሆን የፖለቲካ ስላቅ ያለበት ኮሜዲ ፈልጓል። ፍላሹ ላይ ሰባት ፊልም አለ። ሁሉንም «ምርጥ ነው» እያሉ ነው የሰጡት። «የቱን ላስቀድም?» አለኝ። በስልክ አንድ ሁለት ነገር አልኩት፤ ግን ጥያቄው ከዚያ በላይ መልስ ይገባው ነበር። ይህን የምጽፈው ለሱና እንደሱ ግራ ለገባው ሁሉ ነው።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለጎረቤትና ለሰፈር ወጣቶች ፊልም ማሳየት ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። አንዳንዱ ምሽት ቤቱ በሳቅ ይናጋል። አንዳንዱ ምሽት ሰው ስልኩን ሲነካካ ያልቃል። የፊልሙ ዝና ለውጥ ሲያመጣ አላየሁም። ዓለም ያጨበጨበለት ፊልም እኛ ዘንድ ዝም ያሰኛል፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ፊልም ደግሞ ሽማግሌውንም ልጁንም እኩል ያስቃል።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ሲባል ያልሰማ የለም። ቅኔ ቤት ያልገባ ሰው እንኳ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን የሚፈልግ ጆሮ አለው። ድሮ ንጉሥ «እረኛ ምን አለ?» ብሎ ያስጠይቅ ነበር ይባላል። ሕዝቡ በዘፈንና በግጥም የሚያሾልከውን ለመስማት ነው። ስለዚህ ስላቅን ለሰዋችን ማስተማር አያስፈልግም። ችግሩ ሌላ ነው፤ የውጭ ፊልም ሰሙ ሌላ አገር ነው፣ ወርቁም አንዳንዴ እዚያው ይቀራል። የሚመረጠው ወርቁ ተሻግሮ እኛ ዘንድ የሚደርስ ፊልም ነው።

መጀመሪያ መስፈርቱ

ከሁሉ በፊት፣ የሚሳቀው በማን ነው? «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» የሚል ተረት አለን። ስላቅ ያንን የማይከሰሰውን ሰው አደባባይ ያቆመዋል። በገበሬ አለባበስ፣ በሰው አነጋገር ወይም በአካል ጉዳት የሚያስቅ ፊልም፣ መሐል ላይ ሚኒስትር ቢያስገባም፣ ለኔ ቧልት ነው። ይህን መስፈርት ያላለፈ ፊልም ሌላው ነገሩ ቢያምርም አላሳየውም።

ቀጥሎ፣ ያለ ማብራሪያ ይገባል ወይ? ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ሃያ ደቂቃ የታሪክ ትምህርት የሚጠይቅ ከሆነ ሳቁ ገና ሳይጀመር ይደክማል። አምስት ዓረፍተ ነገር ከበቃው ጥሩ ነው።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። በቪዲዮ ቤት ትርጉም ፊልም ያደገ ሰው ያውቀዋል። አንድ ጎበዝ ሰው ማይክ ይዞ ሲተረጉም ፊልሙ ሌላ ነፍስ ይዘራል። ግን ሁሉም ፊልም አይተረጎምም። ንግግሩ እንደ ዝናብ የሚወርድ ከሆነ ተርጓሚው ይሸነፋል።

አራተኛው፣ ከማን ጋር ነው የሚታየው? እናት፣ ልጅና ቄስ በአንድ ክፍል ከተቀመጡ ስድብና አልጋ ያለበት ትዕይንት ሳቁን ይገድለዋል። የመጨረሻው ርዝመት ነው። መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ፊልም ጀምሮ መሐል ላይ ማቋረጥ ተመልካችን ያስቀይማል።

«ሽብርተኝነትና ከባብ» (ግብፅ፣ 1992)

በአውሮፓ አቆጣጠር 1992 ላይ የወጣ የግብፅ ፊልም ነው። ዋና ተዋናዩ አደል ኢማም ነው፤ ያዘጋጀው ሸሪፍ አራፋ፣ የጻፈው ዋሂድ ሐሚድ።

አንድ አባት ልጆቹን ቤቱ አጠገብ ወዳለ ትምህርት ቤት ማዛወር ይፈልጋል። የሚያስፈልገው አንድ ወረቀትና አንድ ፊርማ ነው። ካይሮ፣ ታህሪር አደባባይ ላይ ያኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የነበረ «ሞጋማ» የሚባል ግዙፍ ሕንፃ አለ። እዚያ ይሄዳል። ከቢሮ ቢሮ፣ ከፎቅ ፎቅ ይመላለሳል። የሚፈልገው ሠራተኛ ወንበሩ ላይ የለም። ያለውም አንዱ ጸሎት ላይ ነኝ ብሎ አያነጋግረውም። ግብግብ ይነሳል። በግርግሩ መሐል የአንድ ጠባቂ መሣሪያ እጁ ላይ ይገባል፤ ይተኩሳል። ሰው ይሸሻል። ሳያስበው «አሸባሪ» ሆነ። ሕንፃው ይከበባል። ሚኒስትር መጥቶ «ጥያቄህ ምንድን ነው?» ይለዋል።

ጥያቄ የለውም! አብረውት የታገቱት ሰዎች ርቧቸዋል። ከባብ ይምጣልን ይላሉ።

እኛ ቤት ሳሳየው አንዲት ልጅ «እኛ ብንሆን ጥብስ ነበር የምናዝዘው» ብላ ጮኸች። አንድ ጡረታ የወጡ አባት ደግሞ ገና ሰውየው ሁለተኛው ቢሮ ሲደርስ «ይኸ ሰውዬ እኛ ጋ መጥቶ ነበር እንዴ?» አሉ። ጋሼ ብዬ «ምን ይመስልዎታል?» ስላቸው ስለ መሬት ካርታቸው አወሩኝ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ሲስተም የለም»፣ «ነገ ተመለስ»። እነዚህን ቃላት የሚያውቅ ሰው ለዚህ ፊልም ማብራሪያ አያስፈልገውም። ወርቁ ደግሞ ከሳቁ ሥር ያለው ነገር ነው። እነዚያን ሰዎች ከዚያ ቀን በፊት «ምን ትፈልጋላችሁ?» ብሎ የጠየቃቸው ማንም አልነበረም።

ንግግሩ ዓረብኛ ነው። ፍጥነቱ ግን ለተርጓሚ ይመቻል፤ ብዙውን ነገር የአደል ኢማም ፊት ይናገረዋል። ከታጋቾቹ አንዷ ሴተኛ አዳሪ ናት፤ ግን ፊልሙ በክብር ነው የያዛት። በጸሎቱ ትዕይንት ግን አስቀድማችሁ አንድ ቃል በሉ። ፊልሙ የነካው ጸሎትን አይደለም፤ በጸሎት አሳብቦ ባለጉዳይ የሚያንገላታን ሰው ነው። የተለያየ ሃይማኖት ያለው ሰው ተደባልቆ ከተቀመጠ ይህ መነገር አለበት።

«ፒፕሊ ላይቭ» (ህንድ፣ 2010)

ለገጠር ተመልካች ከዚህ የሚቀርብ ፊልም አላውቅም። አኑሻ ሪዝቪ የምትባል ሴት ናት የጻፈችውና ያዘጋጀችው። ሁለት ወንድማማች ገበሬዎች የባንክ ብድር መክፈል አቅቷቸው መሬታቸው ሊሸጥ ነው። እርዳታ ፍለጋ የአካባቢው ጉልበተኛ ፖለቲከኛ ጋ ይሄዳሉ። እሱ ይስቅባቸዋል፤ መንግሥት ራሱን ላጠፋ ገበሬ ቤተሰብ ካሳ ይከፍላል ይላቸዋል። ታላቅየው ታናሹን ቀስ አድርጎ ወደዚያ ይገፋዋል። ወሬው ጋዜጠኛ ጆሮ ይገባል። ምርጫ ደርሷል። በአንድ ቀን መንደሩ በካሜራና በባለሥልጣን ይሞላል።

ሁሉም «ይሞታል ወይስ አይሞትም?» ይላል። ዕዳህ ስንት ነው የሚለው የለም። አንዱ ባለሥልጣን የእጅ ውኃ ፓምፕ ይዞ ይመጣል፤ መትከያ ገንዘብ ግን የለም። በዚያው መንደር አንድ ሌላ ድሃ ሰው በየቀኑ አፈር ይቆፍራል፤ ሸጦ ለመብላት። ካሜራው ሁሉ በአጠገቡ ያልፋል። እሱን ሰው ልብ ብላችሁ ተከታተሉት። የፊልሙ ልብ እሱ ጋ ነው።

በማዳበሪያ ዕዳ እንቅልፍ ያጣ ገበሬ ባለበት አገር ይህ ፊልም እንግዳ አይደለም። ህንድ ፊልም ደግሞ ሰዋችን ከድሮ ጀምሮ ይወዳል። ይህኛው ግን ዘፈኑ ጥቂት ነው፣ ጭፈራም የለውም። ያንን ጠብቆ የሚመጣ ሰው እንዳይከፋው ንገሩት።

ሁለት ነገር ያሳስበኛል። አንደኛ፣ ስድብ አለበት። ሁለተኛ፣ መነሻው ራስን ማጥፋት ነው። በቅርቡ እንዲህ ያለ ሐዘን የደረሰበት ቤተሰብ ክፍሉ ውስጥ ካለ አታሳዩት። ሌላ ቀን ይደርሳል።

«ታላቁ አምባገነን» (አሜሪካ፣ 1940)

ቻርሊ ቻፕሊን ሁለት ሰው ሆኖ ይሠራል። አንዱ «ሂንክል» የሚባል አምባገነን ነው፤ ሂትለርን ነው የሚመስለው። ሌላው እሱን የሚመስል ምስኪን አይሁዳዊ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሂንክል ዓለምን እንደ ፊኛ እያነጠረ ሲጫወትባት የሚታይበት ትዕይንት ለሕፃን ልጅም ይገባል። ቃል የለበትም።

ለኛ ግን ከዚህ በላይ የሚቀርብ ነገር አለው። ፊልሙ ውስጥ «ናፓሎኒ» የሚባል ሌላ አምባገነን አለ። እሱ ሙሶሊኒ ነው። ሁለቱ ፀጉር አስተካካይ ወንበር ላይ ተቀምጠው እኔ እበልጥ እኔ እበልጥ እያሉ ወንበራቸውን ወደ ላይ ያስነሳሉ። አሁን ቀኑን እዩት። ፊልሙ ኒውዮርክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ጥቅምት 5 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን የሙሶሊኒ ጦር ደብረ ማርቆስ ውስጥ ነበር። አባ ኮስትር በላይ ዘለቀና ሌሎች አርበኞች ጎጃም በረሃ ውስጥ ይዋጉት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ድንበር የተሻገሩት ከሦስት ወር በኋላ፣ ጥር 12 ቀን ነው። አያቶቻችን በጠመንጃ የገጠሙትን ሰው ቻፕሊን በዚያው ወቅት በሳቅ ገጥሞታል ማለት ነው። ይህን በአምስት ዓረፍተ ነገር ተናግራችሁ ፊልሙን ጀምሩ። የአርበኛ ልጅ የሆነ ሽማግሌ ካለ ደግሞ እሱ ይናገር። እኔ እንዲህ ካደረግሁ ወዲህ ጥቁርና ነጭ ነው ብሎ የተነሳ ሰው አላየሁም።

ድካሙ ርዝመቱ ነው። 2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ይፈጃል። መጨረሻ ላይ ያለው ረጅም ንግግር ደግሞ ኮሜዲ አይደለም። አንዳንዱ ተመልካች ስብከት ነው ይላል። እኔ እወደዋለሁ። ለትርጉም ግን አስቀድሞ በጽሑፍ መዘጋጀት አለበት፤ እዚያው ለመተርጎም መሞከር ያበላሸዋል።

ስለ ስላቅ ወሰን መወያየት ለሚፈልግ ክበብም ይጠቅማል። ቻፕሊን በ1964 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ላይ፣ የናዚ እስር ካምፖችን እውነተኛ ጭካኔ ያኔ አውቆ ቢሆን ኖሮ ፊልሙን ሊሠራው እንደማይችል ጽፏል። በምን ይሳቃል፣ በምንስ አይሳቅም? ተማሪዎች በዚህ ጥያቄ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲከራከሩ አይቻለሁ።

«የስታሊን ሞት» (2017)

አርማንዶ ያኑቺ ያዘጋጀው ነው። 1 ሰዓት ከ47 ደቂቃ። ሩሲያ በ2018 መጀመሪያ ላይ የማሳያ ፈቃዱን ሰርዛበታለች።

የሶቪየት ኅብረት ገዥ ስታሊን ክፍሉ ውስጥ ይወድቃል። በር ላይ የቆሙት ጠባቂዎች ድምፁን ይሰማሉ። አይገቡም። ሳይጠራቸው ቢገቡ ምን እንደሚደርስባቸው ያውቃሉ። ሲገኝም ሐኪም ይጠራ ይባላል፤ ጎበዝ ጎበዙ ሐኪም ግን ታስሯል ወይም ተገድሏል። ከዚያ ባለሥልጣኖቹ ተሰብስበው እጅ ያወጣሉ። አንዱ የሌላውን እጅ እያየ ቀስ ብሎ ያነሳል። ሁልጊዜም «በሙሉ ድምፅ» ነው።

የደርግን ዘመን ያየ ሰው ይህን ትዕይንት ሲያይ መጀመሪያ ይስቃል። ከዚያ ዝም ይላል። የቀበሌ ስብሰባ፣ ጭብጨባው፣ ማን ቀድሞ ማጨብጨብ እንዳቆመ የሚያየው ሰው፣ ሁሉም ትዝ ይለዋል። ስለዚህ ይህ ፊልም ለትልልቅ ሰዎች ትልቅ ነው፤ ለወጣቱ ግን ግማሹ ያመልጠዋል። ስሙ ብዙ ነው፤ ቤሪያ፣ ማሌንኮቭ፣ ክሩሽቼቭ። ንግግሩ ፈጣን ነው፣ ስድቡም ከባድ ነው። ግድያም አለበት። በማይክ ለመተርጎም አትሞክሩት። እንግሊዝኛ የሚሰማ ወይም ከሥር የሚጻፈውን የሚያነብ ተመልካች ይፈልጋል።

«ዋግ ዘ ዶግ» (አሜሪካ፣ 1997)

ምርጫ ሊደረግ ቀናት ሲቀሩት ፕሬዚዳንቱ ከአንዲት ታዳጊ ጋር ቅሌት ውስጥ ይገባል። አማካሪው የሆሊውድ ፕሮዲዩሰር ይቀጥርና የሌለ ጦርነት ይፈጥራሉ፤ ከአልባኒያ ጋር። ስቱዲዮ ውስጥ አንዲት ልጅ የቺፕስ ከረጢት አቅፋ እንድትሮጥ ያደርጓታል። ከረጢቱ በኮምፒውተር የድመት ግልገል ይሆናል። ማታ በዜና «ከጦርነት የሸሸች ልጅ» ተብላ ትቀርባለች።

በ1997 ይህ ስቱዲዮ ይጠይቅ ነበር፤ ዛሬ በስልክ ይሠራል። በየቀኑ ቪዲዮ የሚላላክ ወጣት ይህን አይቶ ስልኩን በሌላ ዓይን ያየዋል። ርዝመቱ 1 ሰዓት ከ37 ደቂቃ ነው፤ ይመቻል። ግን የሚያስቀው ሁሉ በንግግር ነው። ሰው ይቀመጣል፣ ያወራል፣ ስልክ ያነሳል። ትርጉሙ ደካማ ከሆነ ምንም አይቀርም። ለኮሌጅና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ እሺ፤ ለሰፈር ምሽት አልመክረውም።

ሁለት ፊልሞች በአጭሩ

«ዶክተር ስትሬንጅላቭ» (1964) የስታንሊ ኩብሪክ ሥራ ነው። ፒተር ሴለርስ ብቻውን ሦስት ሰው ሆኖ ይሠራል። ትልቅ ፊልም ነው። እኔ የመጀመሪያውን ምሽት የጀመርኩት በሱ ነበር፤ ሰው ዝም ብሎ አይቶ ዝም ብሎ ሄደ። የቀዝቃዛውን ጦርነት ፍርሃት ሳያውቁ አይያዝም። የታሪክ ክፍል ተማሪዎች ካሏችሁ አሳዩአቸው።

«ኻላ» (1975) የሴኔጋሉ ኡስማን ሴምቤን ነው። ቅኝ ገዢው ወጣ፣ ወንበሩን ያገሬው ነጋዴ ያዘ፤ በገንዘብ የተሞላ ቦርሳ ተቀብሎ ሦስተኛ ሚስት ያገባል፣ በሠርጉም ሌሊት ወንድነቱ ይከዳዋል። ያገሩ ሳንሱር ቆራርጦ ነው ያሳለፈው። ብርቱ ፊልም ነው፤ ነገር ግን ጉዳዩ ለቤተሰብ አይሆንም፣ አካሄዱም ዝግ ያለ ነው።

ያገራችን ሥራ ለምን አልገባም የሚል ይኖራል። ስላቅ አጥተን አይደለም። የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትራችን፣ የተክለ ሐዋርያት የአውሬዎች ኮሜዲያ፣ ሹማምንቱን ስለነካ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዷል። የሐዲስ ዓለማየሁን ፊታውራሪ መሸሻ ያነበበ ጎጃሜ ባዶ ኩራት ምን እንደሚመስል ማንም አይነግረውም። በቴሌቪዥንም «ምን ልታዘዝ» በአንድ ካፌ ውስጥ አገሩን አሳይቶናል። ግን እነዚህ ቴአትር፣ ልቦለድና ተከታታይ ድራማ ናቸው። አንድ ምሽት ተቀምጦ የሚያልቅ፣ ሥልጣንን ፊት ለፊት የሚነካ ኮሜዲ ፊልም በአማርኛ ገና እየጠበቅሁ ነው።

በአንድ እይታ

| ፊልም | የሚነካው | ማብራሪያ ይፈልጋል? | በማይክ ይተረጎማል? | ለማን | ርዝመት |
|---|---|---|---|---|---|
| ሽብርተኝነትና ከባብ | ቢሮክራሲ | አይፈልግም | በደንብ | ለሁሉም ማለት ይቻላል | 1፡45 ገደማ |
| ፒፕሊ ላይቭ | ፖለቲከኛና ሚዲያ | ትንሽ | ይተረጎማል | ለአዋቂ፣ ለገጠር | 1፡45 ገደማ |
| ታላቁ አምባገነን | አምባገነንነት | አምስት ዓረፍተ ነገር | ከመጨረሻው ንግግር በቀር | ለቤተሰብ፣ ለትምህርት ቤት | 2፡05 |
| የስታሊን ሞት | ፍርሃትና ማጎብደድ | ብዙ | አይመችም | ደርግን ላየ ሰው | 1፡47 |
| ዋግ ዘ ዶግ | የሐሰት ዜና | ትንሽ | ያስቸግራል | ለዩኒቨርሲቲ | 1፡37 |
| ዶክተር ስትሬንጅላቭ | የኒውክሌር ጦርነት | ብዙ | አይመችም | ለታሪክ ተማሪ | 1፡35 ገደማ |
| ኻላ | አዲሱ ባለገንዘብ | መካከለኛ | ይተረጎማል | ለአዋቂ ብቻ | 2፡00 ገደማ |

እንደ አቅምና እንደ ፍላጎት

ያላችሁ አንድ ቴሌቪዥንና ፍላሽ ብቻ ከሆነ «ሽብርተኝነትና ከባብ»ን ያዙ። የድሮ ቴሌቪዥን ከሥር የሚጻፈውን ትርጉም ላያወጣ ይችላል፤ ስለዚህ በቃል የሚተረጎም ፊልም ይሻላችኋል። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሰው ላለበት ሳሎን ይበቃል።

ላፕቶፕና ድምፅ ማጉያ ካለ ምርጫው ይሰፋል። ገንዘብ ካላችሁ ከስክሪኑ በፊት ድምፅ ላይ አውሉት። ሥዕሉ ትንሽ ቢሆን ሰው ይጠጋል፤ ድምፅ ካልተሰማ ግን ይነሳል። የትርጉም ጽሑፉን ፋይል ስም ከፊልሙ ስም ጋር አንድ አድርጉት፤ ያለዚያ ብዙ ማጫወቻ ላይ አይነሳም። ባትሪውን ሞልታችሁ ጀምሩ።

ፕሮጀክተርና አዳራሽ ላገኘ ትምህርት ቤት «ታላቁ አምባገነን» ይመረጣል። ለሁለት ከፍላችሁ በሁለት ቀን ብታሳዩት አይጎዳም። ገጠር፣ ከገበሬ ማኅበር ሰዎች ጋር ከሆነ «ፒፕሊ ላይቭ»። ትልልቅ ሰዎች ብቻ የሚሰበሰቡበት ቤት ከሆነ «የስታሊን ሞት»ን ድፈሩት።

ለፍኖተ ሰላሙ መምህር ደግሞ እንዲህ እለዋለሁ። መጀመሪያ የግብፁን አሳይ። ልጆቹ ሥልጣን ላይ መሳቅ ምን እንደሆነ ከዚያ ይያዙት። በሁለተኛው ወር ቻፕሊንን፣ ትልልቆቹ ከወደዱት ደግሞ በሦስተኛው «ዋግ ዘ ዶግ»ን። የቱንም ብትመርጥ አስቀድመህ ብቻህን እየው፤ ያላየኸውን ፊልም ለሰው ልጅ አትክፈት። ከፊልሙ በኋላ ግማሽ ሰዓት አስቀር። መብራቱን አብራና አንድ ጥያቄ ጠይቅ፦ «እንዲህ ያለ ነገር የት አያችሁ?» የሰው ስም እንዳይጠሩ አስቀድመህ ንገራቸው። ከተማው ትንሽ ነው፤ ሁሉም የሁሉም ዘመድ ነው። በሰም ይናገሩት።